የእንግዳ ዐይን በመርካቶ

አንድን አገር ሊጎበኝ የሚነሣ ሰው አስቀድሞ የሚያነበው መምሪያ መጽሐፍ አብዛኛውን ጊዜ ወደ ቤተ መዘክር፣ ወደ ጥንታዊ ሕንፃና ወደ ቤተ መንግሥት ይመራዋል፤ ወደ አዲስ አበባ የሚመጣ የውጭ አገር እንግዳም በብሔራዊ ሙዚየም የድንቅነሽን ቅሪተ አካል፣ በእንጦጦ የዐፄ ምኒልክን ቤተ መንግሥት፣ በአራት ኪሎ ደግሞ የቅድስት ሥላሴን ካቴድራል እንዲያይ ይመከራል። እነዚህ ሁሉ ሊታዩ የሚገባቸው ናቸው። ይሁን እንጂ ባለፉት አምስት መቶ ዓመታት ወደ ኢትዮጵያ የመጡ መንገደኞች የተዉአቸው ጽሑፎች ሲነበቡ፣ ስለ ነገሥታቱና ስለ አብያተ ክርስቲያናቱ ከተጻፈው ጎን ለጎን ስለ ገበያው፣ ስለ ማድቤቱና ስለ መንገዱ የሰፈረው ዝርዝር ሰፊ ቦታ ይዞ ይገኛል፤ ለዛሬው አንባቢም ሌላ ምንጭ የማይሰጠውን ዕውቀት የሚያቀብለው ብዙ ጊዜ ይኸው ክፍል ነው።

ከ1520 እስከ 1526 እ.ኤ.አ. በዐፄ ልብነ ድንግል ዘመን ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋር በኢትዮጵያ የቆየው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ፣ አሞሌ ጨው እንደ ገንዘብ ሲያገለግል ተመልክቶ፣ ጨው ከሚቆረጥበት ስፍራ እየተራቀ በሄደ መጠን የመግዛት ዐቅሙ እንደሚጨምር ጽፏል። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በ1770 እ.ኤ.አ. ጎንደር የገባው የዓባይን ምንጭ ፍለጋ ቢሆንም፣ በ1790 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ባለ አምስት ቅጽ መጽሐፍ ጤፍንና ኮሶን የመሳሰሉ ዕፀዋትን በሥዕል አስደግፎ ገልጿል። ሩሲያዊው የዕፀዋት ሊቅ ኒኮላይ ቫቪሎቭ ደግሞ በ1927 እ.ኤ.አ. በኢትዮጵያ ሲዘዋወር የሰበሰበው የስንዴ፣ የገብስና የሌሎች አዝርዕት ዘር፣ አገሪቱን በዓለም ላይ የሰብል ዝርያዎች ከመነጩባቸውና ከተበራከቱባቸው ዋና ዋና ማእከላት አንዷ አድርጎ እንዲመድባት ረድቶታል። በገበያተኛዋ ቁና ውስጥ ያለው እህል ለአገሬው ሰው የዕለት ቀለብ ሲሆን፣ ለሊቁ ግን የብዙ ትውልድ ገበሬዎች የዘር ምርጫ ተጠራቅሞ የሚነበብበት መዝገብ ነበር።

ይህ ልዩ ዘገባ መርካቶን በዚህ መንፈስ ይመለከታል። መርካቶ የገባ እንግዳ ደስ ብሎት ከሚያስተውላቸው ተራ ነገሮች መካከል ጥቂቶቹን እየመረጠ፣ እያንዳንዱ እንዴት እንደሚሠራና ለምን እንደዚያ እንደሆነ ያብራራል። የሚያቀርበውም አሳብ ግልጽ ነው፤ እንግዳን የሚያስደንቁት የዕለት ተዕለት ዕቃዎችና ልማዶች፣ ባለቤቶቻቸው ከመልመዳቸው የተነሣ ልብ የማይሏቸው፣ ነገር ግን በጥንቃቄ ሊጠበቁ የሚገባቸው ዕውቀቶች ናቸው።

ከአራዳ ወደ ምዕራብ

መርካቶ በአዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ የሚገኝ፣ በአፍሪካ ካሉት ግልጽ ገበያዎች ሁሉ ትልቁ እንደሆነ ሲነገርለት የኖረ የንግድ ሰፈር ነው። አዲስ አበባ ከተቆረቆረች በኋላ የከተማዋ ዋና ገበያ ለዐሥርተ ዓመታት የቆመው በአራዳ፣ በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አቅራቢያ ነበር። የፋሺስት ኢጣሊያ ጦር ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. ከተማዋን ከያዘ በኋላ ግን ወራሪው አስተዳደር አውሮፓውያንና ኢትዮጵያውያን ተለያይተው እንዲኖሩ የሚያደርግ የከተማ ፕላን አውጥቶ፣ የአራዳን አካባቢ ለነጮች ንግድና መኖሪያ ሲመድብ የአገሬውን ሰው ገበያ ወደ ምዕራብ አዛወረው፤ መርካቶ የሚለው መጠሪያም ከዚያው ዘመን የተረፈ ነው። ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ወደ ርእሰ ከተማቸው ተመልሰው ነፃነት ሲታወጅ፣ ለመለያየት ታስቦ የተተከለው ገበያ ከጉራጌ፣ ከጋሞ፣ ከኦሮሞ፣ ከአማራ፣ ከስልጤና ከሌሎችም ወገኖች የመጡ ነጋዴዎችና የእጅ ባለሙያዎች፣ ከቀይ ባሕር ማዶ የመጡ የየመን ዐረቦች ጭምር፣ በአንድነት የሚሠሩበት ስፍራ ሆነ። ዛሬም የታላቁ አንዋር መስጊድ ሚናራና የደብረ ኃይል ቅዱስ ራጉኤል ቤተ ክርስቲያን ጉልላት በቅርብ ርቀት ተያይተው የሚቆሙት በዚሁ ሰፈር ነው።

የገበያው ስፋት የተገኘው በአቀማመጡም ጭምር ነው። የረጅም ርቀት አውቶቡሶች ለብዙ ዐሥርተ ዓመታት መንገደኛ ሲጭኑና ሲያራግፉ የኖሩበት አውቶቡስ ተራ ከጎኑ ስለሚገኝ፣ ከየክፍለ አገሩ የሚመጣው ሰው ምርቱንና ወሬውን ይዞ በቀጥታ ወደ መርካቶ ይገባል፤ ሲመለስም ለአገሩ ገበያ የሚሆነውን ሸቀጥ ከዚያው ሸምቶ ይሳፈራል። በዚህም ምክንያት አንድ እንግዳ ከአዲስ አበባ ሳይወጣ የሜጫን ጤፍ፣ የጉራጌን ቆጮ፣ የከፋን ቡናና የሐረርን ስፌት በአንድ ቀን ውስጥ ሊያይ ይችላል።

ተራና በረንዳ

አዲስ ገቢ እንግዳ መርካቶን በመጀመሪያ የሚያየው እንደ ግርግር ነው። ተሸካሚዎች ከራሳቸው በላይ የተቆለለ ጭነት ይዘው መንገድ እንዲለቀቅላቸው ይጮኻሉ፤ ጋሪና አህያ፣ የጭነት መኪናና እግረኛ በአንድ መንገድ ላይ ይጋፋሉ፤ ሻጩ በዜማ ይጣራል፤ የድምፅ ማጉያው የዋጋ ቅናሽ ያውጃል። ግማሽ ቀን የተዘዋወረ ሰው ግን ከግርግሩ በታች ጥብቅ ሥርዓት እንዳለ መገንዘብ ይጀምራል፤ ምክንያቱም መርካቶ በዘፈቀደ የተቀመጠ ሳይሆን ተራና በረንዳ ተብለው በሚጠሩ የሙያ ክፍሎች የተደለደለ ነው። ተራ አንድ ዓይነት ሸቀጥ የሚሸጡ ወይም አንድ ዓይነት ሥራ የሚሠሩ ሰዎች ተያይዘው የሚቀመጡበት ረድፍ ሲሆን፣ በረንዳ ደግሞ በተለይ እንደ እህልና በርበሬ ያለው ምርት በብዛት የሚራገፍበትና የሚከፋፈልበት ስፍራ ነው። ሸማ ተራ፣ ጎማ ተራ፣ ሸራ ተራ፣ ዱባይ ተራ፣ ምናለሽ ተራ፣ እህል በረንዳ፣ በርበሬ በረንዳ የሚሉት ስሞች የሰፈሩ ካርታ ሆነው ያገለግላሉ፤ መንገድ የጠፋበት ሰው የጎዳና ቁጥር ሳይሆን የሚፈልገውን ዕቃ ስም ተናግሮ ይመራል።

አንድ ዓይነት ሸቀጥ የሚሸጡ ሰዎች ጎን ለጎን መቀመጣቸው፣ እርስ በርስ የሚሻሙ ስለሚመስል፣ ትልልቅ መደብሮችን ለለመደ እንግዳ ግራ የሚያጋባ ነገር ነው። ጥቅሙ ግን ብዙ ነው። ገዢው የዐሥር ሻጮችን ዋጋና ጥራት በጥቂት እርምጃ ውስጥ ያነጻጽራል፤ ሻጩም ደንበኛው የጠየቀው መጠን ወይም ቀለም ከሌለው ልጅ ወደ ጎረቤት ሱቅ ልኮ ያስመጣለታል፣ ሒሳቡም በኋላ በሁለቱ ነጋዴዎች መካከል ይተሳሰባል። አዲስ ሙያተኛ ሥራውን የሚማረው ከአንድ ጌታ ብቻ ሳይሆን ከመላው ተራ ነው፤ የሸቀጡ አቅራቢም ሁሉንም ደንበኞቹን በአንድ ስፍራ ስለሚያገኝ የማጓጓዣ ወጪው ይቀንሳል። በካይሮው ኻን ኤል ኻሊሊና በኢስታንቡል ታላቅ ገበያም ተመሳሳይ አደረጃጀት ለዘመናት መኖሩ፣ ይህ አቀማመጥ የነጋዴዎች የጋራ ልምድ ያፈራው ብልሃት መሆኑን ያመለክታል።

እህልና ምጣድ

በእህል በረንዳ የጤፍ ጆንያዎች አፋቸው ተገልጦ ይደረደራሉ፤ ገዢዋ ከእያንዳንዱ በመዳፏ ዘግና ትበትነዋለች፣ አሸዋና ገለባ እንዳለበት ትመለከታለች፣ ጥቂት ፍሬም ወደ አፏ ጣል ታደርጋለች። እጅግ ነጩ ማኛ፣ ቀይና ነጭ ፍሬ የተደባለቀበት ሰርገኛ፣ ቀዩ ለብቻው ሲሸጥ ደግሞ ቀይ ጤፍ ይባላል። እንግዳውን በቅድሚያ የሚያስገርመው የፍሬው ማነስ ነው፤ አንድ ሺህ የጤፍ ፍሬ የአንድ ግራም ሲሶ ያህል ብቻ ይመዝናል። ይህ ማነስ ለገበሬው በረከት ሆኖ ቆይቷል፤ ምክንያቱም ሰፊ ማሳ የሚዘራ ዘር በትንሽ ከረጢት ሊቀመጥና ክፉ ቀን ሲመጣ ተይዞ ሊሸሽ ይችላል።

ከእህሉ ቀጥሎ እንግዳው የሚያገኘው የሸክላ ምጣዱን፣ ክዳኑን ማለትም አክንባሎውንና ሰፌዱን ነው። ሻጭዋ ምጣዱን በጣቷ መታ መታ አድርጋ ድምፁን ታሰማለች፤ ስንጥቅ የሌለበት ሸክላ ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል። አዲስ ምጣድ ተገዝቶ በቀጥታ እንጀራ አይጋገርበትም፣ በመጀመሪያ ይሟሻል፤ ማሟሸት ማለት ምጣዱን እያጋሉ በተወቀጠ ጎመን ዘር ደጋግሞ ማሸት ሲሆን፣ ዘይቱ ወደ ሸክላው ቀዳዳዎች ገብቶ ገጹን ስለሚያለሰልሰው እንጀራው ሳይያዝ ይነሣል። የሊጡ አሠራርም እንደዚሁ የተራቀቀ ነው። የጤፍ ዱቄት በእርሾ ተቦክቶ ሁለት ሦስት ቀን ከቆየ በኋላ ያቀረረው ውኃ ይደፋል፤ ከሊጡም ጥቂቱ በፈላ ውኃ ይበስልና አብሲት ተብሎ ወደ ቡኮው ይመለሳል። አብሲት የበሰለ ስታርች በመሆኑ ሊጡን ያያይዛል፣ ለእርሾውም ተጨማሪ ምግብ ይሆነዋል፤ ከእርሾው የሚወጣው አየርም በምጣዱ ሙቀት ወደ ላይ ሲፈነዳ የእንጀራውን ዐይኖች ይፈጥራል። ጤፍ እንደ ስንዴ ሊጡን የሚያያይዝ ግሉተን ስለሌለው፣ የኢትዮጵያ ሴቶች ይህን ችግር በአብሲት የፈቱት የምግብ ሳይንስ ቤተ ሙከራ ከመቋቋሙ እጅግ አስቀድሞ ነው።

የጀበናው ሥነ ሥርዓት

ከሱቅ ደጃፍ በርጩማ ላይ የተቀመጠች ቡና አፍዪ በመርካቶ በየመንገዱ ትገኛለች። ቄጠማ ተጎዝጉዟል፤ ከረከቦቱ ላይ እጀታ የሌላቸው ትናንሽ ስኒዎች ተደርድረዋል፤ የከሰል ምድጃው ላይ ጀበናው ይንተከተካል፤ በማጨሻውም ላይ ዕጣኑ ይጨሳል። ረከቦት ስኒ የሚደረደርበት ዝቅተኛ ገበታ ነው፤ ጀበና ደግሞ ሆዱ ክብ፣ አንገቱ ረጅምና ጠባብ የሆነ የሸክላ ዕቃ ሲሆን፣ መቀመጫው ድቡልቡል ስለሆነ ከምድጃው ሲወርድ ማቶት በሚባል ክብ ማስቀመጫ ላይ ይደላደላል። የዕቃው ቅርጽ ለውበት ብቻ የተመረጠ አይደለም። ክቡ ሆድ ሙቀቱን በእኩልነት ያዳርሳል፤ ጠባቡ አንገት ደግሞ ቡናው ገንፍሎ እንዳያልቅ ይገታዋል። ጀበናው ወርዶ ሰከን እስኪል መጠበቁም አተላው ከታች እንዲዘቅጥ ያደርጋል፤ ስለዚህ ቡና አፍዪዋ በቀጭኑ የምታወርደው ቡና ማጥለያ ሳያስፈልገው ጠርቶ ይቀዳል።

ቡናው አቦል፣ ቶና፣ በረካ ተብሎ ሦስት ጊዜ ይቀዳል፤ በአንዱ የቡና ዱቄት ላይ ውኃ እየተጨመረ ስለሚፈላም ከዙር ወደ ዙር እየቀጠነ ይሄዳል። ቡና በወረቀት ኩባያ እየጠጣ በሚራመድ ኅብረተሰብ ውስጥ ያደገ እንግዳ ከሁሉ በላይ የሚያስተውለው ይህን የጊዜ አሰጣጥ ነው። በመርካቶ የአንድ ስኒ ቡና ቆይታ የዋጋ መረጃ የሚለዋወጡበት፣ ያለፈ ቅያሜ የሚሽርበት፣ ሰው ለሥራ የሚቀጠርበትና የታመመ ጎረቤት ዜና የሚሰማበት ጊዜ ነው። ከአጠገቡ የሚጨሰውም ዕጣን የራሱ ጂኦግራፊ አለው፤ የሰሜን ምዕራቡ ቆላ፣ ቦረናና ኦጋዴን ለገበያው የየራሳቸውን ዓይነት ያቀርባሉ፤ ገዢዎችም በመዓዛውና በጠብታው መጠን እየለዩ ይመርጣሉ። ዕጣን ማለት የዛፉ ግንድ በጥንቃቄ ሲጫር የሚያነባውና በአየር የሚደርቀው ሙጫ ስለሆነ፣ ዛፉ ከመጠን በላይ ከተጫረ ይዳከማል፤ በመሆኑም የጥቂት ብሩ ዕጣን በመርካቶ እንዲቀጥል የሩቁ ደን መጠበቅ አለበት።

ከቅመም እስከ እንዶድ

በበርበሬ በረንዳ የቀይ በርበሬው ብናኝ ገና ከሩቅ ያስነጥሳል። በየጆንያው ኮረሪማ፣ ጥቁር አዝሙድ፣ ነጭ አዝሙድ፣ በሶብላ፣ ጦስኝ፣ እርድና ቁንዶ በርበሬ ተቀምጠዋል፤ ገዢዋም ለአንድ ዓመት የሚሆናትን በርበሬ ለማዘጋጀት የእያንዳንዱን መጠን በቃሏ ታውቃለች። ከእነዚህ መካከል ኮረሪማ በኢትዮጵያ ደቡብ ምዕራብ ደኖች የሚበቅል፣ አገር በቀል ቅመም ነው፤ በርበሬ ግን መነሻው አሜሪካ ሲሆን ከአሥራ ስድስተኛው መቶ ዓመት ወዲህ በባሕር ንግድ አማካይነት በምሥራቁ ዓለም ከተሠራጨ በኋላ የደረሰ ነው። የውጭ አገር እንግዳ የኢትዮጵያ ምልክት አድርጎ የሚያስበው የወጥ ቅላት፣ ከሩቅ የመጣ ፍሬና በአገር የበቀለ ቅመም በኢትዮጵያዊት ሴት እጅ ተዋሕደው የተገኘ መሆኑ፣ ባህል ተቀብሎ የራስ በማድረግም እንደሚያድግ ያሳያል።

ከቅመሙ ራቅ ብለው የሚሸጡት መፋቂያ፣ ጌሾ፣ ኮሶና እንዶድ ናቸው። መፋቂያ ጫፉ ታኝኮ ሲላላ ጥርስ የሚፋቅበት ቀጭን እንጨት ሲሆን፣ እንዶድ ደግሞ ፍሬው ደርቆና ተወቅጦ በውኃ ሲመታ አረፋ የሚያወጣና ሸማ ያለ ሳሙና የሚታጠብበት ተክል ነው። አንድ የዕለት ተዕለት ነገር በአስተዋይ ዐይን ሲታይ ምን ያህል ሊያስገኝ እንደሚችል ከእንዶድ ታሪክ የበለጠ የሚያስረዳ የለም። በ1964 እ.ኤ.አ. ወጣቱ የሥነ ሕይወት ተመራማሪ አክሊሉ ለማ ዐድዋ አካባቢ ስለ ቢልሃርዚያ ሲያጠና፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ ባለው ወንዝ ውስጥ ከሌላው ስፍራ ይልቅ ብዙ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች መኖራቸውን አስተዋለ። የቢልሃርዚያ ጥገኛ ትል ወደ ሰው ከመተላለፉ በፊት የዕድገቱን አንድ ክፍል የሚያሳልፈው በእነዚህ ቀንድ አውጣዎች ውስጥ ስለሆነ፣ ቀንድ አውጣውን የሚገድል ርካሽ የአገር ተክል መገኘቱ ለድኻ አገሮች ትልቅ ተስፋ ነበር። አክሊሉ ለማ ከባልደረባው ከለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር በ1989 እ.ኤ.አ. አማራጭ ኖቤል እየተባለ የሚጠራውን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ተቀብሏል፤ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው የሥነ ደዌ ምርምር ተቋምም ዛሬ በስሙ ይጠራል። በኋላ አንድ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ እንዶድ የውኃ ቧንቧ የሚደፍኑ ባለ ዛጎል እንስሳትን ለመግደል ለሚውልበት ዘዴ የፈጠራ መብት ማውጣቱ፣ ትውልድ ያቆየው ዕውቀት ጥቅሙ ለማን እንደሚገባ ዓለም አቀፍ ክርክር አስነሥቷል። እንግዲህ በጣሳ እየተሰፈረ የሚሸጠው ፍሬ ሳይንስም፣ ሕግም፣ ፍትሕም ያለበት ጉዳይ ነው።

ሸማ ተራ

በሸማ ተራ ነጠላ፣ ኩታ፣ ጋቢና የአበሻ ቀሚስ ከጣራ እስከ ወለል ተሰቅለው ይታያሉ። እንግዳው የጨርቁን ልስላሴ ሲዳስስ፣ ሻጩ ነጠላው ሁለት ድርብ፣ ጋቢው ደግሞ አራት ድርብ መሆኑን ዘርግቶ ያሳየዋል። ሸማው የሁለት ሙያ ውጤት ነው። ሴቶች ጥጡን በእንዝርት ይፈትሉታል፤ ሸማኔው ደግሞ እግሩን ወደ ጉድጓድ አስገብቶ ተቀምጦ፣ ወደ ርዝመቱ በተወጠረው ድር መካከል ማጉን በመወርወሪያ እያመላለሰ ይሸምነዋል። በአዲስ አበባ በዚህ ሙያ ስማቸው የገነነው ከጋሞ ደጋ የመጡት የዶርዜ ሸማኔዎች ሲሆኑ፣ በሽሮ ሜዳና በጉለሌ አካባቢ በየቤታቸው ከሚሸምኑት ሥራ ከፊሉ ወደ መርካቶ ይመጣል። ጥበብ የሚባለው በጠርዙ ላይ የሚገባው ባለ ቀለም ጌጥ በጥልፍ የሚጨመር ሳይሆን እዚያው በሽመናው ላይ ክር እየተቆጠረ የሚወጣ ነው፤ ስለዚህ ሸማኔው ንድፉን በወረቀት ሳይሆን በአእምሮው ይይዛል።

እንግዳው ይበልጥ የሚደሰተው ልብሱ እንደ ንግግር ማገልገሉን ሲረዳ ነው። ነጠላ በደስታ ቀን ጥበቡ ወደ ታች ወርዶ እንዲታይ ይለበሳል፤ በሐዘን ጊዜ ግን ጥበቡ ወደ ላይ፣ ወደ አንገት ይዞራል፤ ቤተ ክርስቲያን ሲገባም በመስቀለኛ ይጣፋል። በመሆኑም አንድ ሰው ከሩቅ ሲመጣ የሚያየው ጎረቤት፣ ሰውየው አፉን ሳይከፍት ከለቅሶ ይሁን ከሠርግ መምጣቱን ይለያል። በጥቅምት 2017 ዓ.ም. በሸማ ተራ የተነሣው ከባድ ቃጠሎ የብዙ ነጋዴዎችን ሀብት ሲያወድም፣ ከገንዘቡ ጋር የእነዚህ ሙያዎች መገናኛ ስፍራም መጎዳቱን ማስታወስ ይገባል፤ ፈታዪዋን፣ ሸማኔውን፣ ሰፊውንና ለባሹን የሚያያይዘው ተራው ነውና።

ምናለሽ ተራ

ወደ ምናለሽ ተራ የሚቃረብ ሰው ከማየቱ በፊት የመዶሻ ድምፅ ይሰማል። እዚህ ከከተማዋ ቤቶች፣ ጋራዦችና ፋብሪካዎች የተጣለ ነገር ሁሉ አዲስ ሥራ ያገኛል። የዘይት ጣሳ ተቆርጦ ኩራዝ ወይም ማንቆርቆሪያ ይሆናል፤ በርሜል ተዘርግቶ ሳጥን፣ በርና የከሰል ምድጃ ይወጣዋል፤ ያረጀ የመኪና ጎማ በረባሶ የሚባለው ጠንካራ ጫማ ይሆናል፤ የተጣመመ የግንባታ ብረት በመዶሻ ተቃንቶ እንደገና ይሸጣል። ሥራው በግልጽ የሚታይ ስለሆነ፣ እንግዳው የጣሳውን ቅርጽ መለወጥ ከመጀመሪያው መቀስ እስከ መጨረሻው ማጠፊያ ድረስ ቆሞ ሊከታተል ይችላል።

ይህ ተራ ብቻውን አይቆምም፤ ከበስተ ጀርባው መላ ከተማዋን የሚያዳርስ የአሰባሰብ ሥርዓት አለ። ቆራሌው በየሰፈሩ እየተጣራ ያረጀ ብረት፣ ጠርሙስና ጣሳ ይገዛል፤ ልዋጭ የሚባለው ደግሞ ያረጀ ልብስና ጫማ ተቀብሎ በምትኩ አዲስ የቤት ዕቃ ይሰጣል። የተሰበሰበው በዓይነት ተለይቶ ወደ መርካቶ ይመጣል፣ እዚያም ተከፋፍሎ ወደ ሠራተኛው እጅ ይገባል፤ የተሠራውም ዕቃ አንዳንዴ ወደ ወጣበት ሰፈር ተመልሶ ይሸጣል። ዘባሊን የሚባሉት የካይሮ ቆሻሻ ሰብሳቢዎችና የናይሮቢ ጁዋ ካሊ ባለሙያዎች፣ ማለትም በጠራራ ፀሐይ የሚሠሩት የኬንያ አንጥረኞች፣ ተመሳሳይ ሥራ በየአገራቸው ይሠራሉ። የበለጸጉት አገሮች ቆሻሻን መልሶ መጠቀምን ዛሬ በሕግና በድጎማ ለማስፋፋት ሲጥሩ፣ ምናለሽ ተራ ማንም ሳያዝዘው ለብዙ ዐሥርተ ዓመታት ሲያደርገው ኖሯል። ከጎማ ጫማ የመሥራትን የቆየ ሙያ መነሻ አድርጋ በ2000ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ዓመታት ሶልሬብልስ የተባለውን የጫማ ድርጅት በአዲስ አበባ ያቋቋመችው ቤተልሔም ጥላሁን፣ ይህ ዕውቀት ክብር ሲያገኝ እስከ ውጭ አገር ገበያ ሊደርስ እንደሚችል አሳይታለች።

ሰዓት፣ መስፈሪያና እቁብ

ከዕቃዎቹ ሌላ እንግዳው ይዟቸው የሚሄድ የማይዳሰሱ ግኝቶች አሉ። የመጀመሪያው የሰዓት አቆጣጠር ነው። ነጋዴው ሱቁ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ እንደሚከፈት ሲነግረው፣ እንግዳው በራሱ ሰዓት ስምንት መሆኑን ለማስላት ስድስት መደመር ይኖርበታል፤ ቀኑ የሚቆጠረው ከንጋት፣ ሌሊቱም ከምሽት ጀምሮ ነውና። ይህ አቆጣጠር ከአገሩ አቀማመጥ ጋር የተስማማ ነው። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን በዘጠኝ ዲግሪ አካባቢ ላይ ስለምትገኝ በዓመቱ ረጅሙና አጭሩ ቀን መካከል ያለው ልዩነት ከአንድ ሰዓት ብዙም አያልፍም፤ ፀሐይም ዓመቱን ሙሉ በተቀራረበ ሰዓት ትወጣለች። በክረምትና በበጋ የቀኑ ርዝመት እጅግ በሚለያይባቸው የሰሜን አገሮች ሰዓትን ከንጋት መቁጠር ሲያስቸግር፣ በኢትዮጵያ ግን የፀሐይን መውጣት መነሻ ማድረግ ተፈጥሯዊ ነው።

ሁለተኛው መስፈሪያው ነው። ኪሎ በመላ አገሪቱ ቢሠራበትም፣ በመርካቶ ቅመም በሲኒና በኩባያ፣ ጌሾና ብቅል በጣሳ፣ ቡና ደግሞ በጅምላ ንግድ በፈረሱላ ሲለካ ይሰማል፤ ፈረሱላ አሥራ ሰባት ኪሎ ያህል ነው። ጣሳው ሞልቶ ከተቆለለ በኋላ ገዢዋ «እስቲ መርቂልኝ» ትላለች፤ ሻጭዋም «እሺ እናቴ» ብላ አንድ ጭብጥ ትጨምራለች። ይህ ምራቂ ከዋጋው ውጪ የሚሰጥ ቢሆንም ሁለቱም ወገኖች አስቀድመው የሚጠብቁት ነው፤ ሒሳቡ ከተዘጋ በኋላ የሚሰጠው ጭብጥ ገዢዋን ደንበኛ ያደርጋታልና። ዋጋ ቀንስ አልቀንስም የሚባለውም ክርክር ቢሆን ከጠብ የራቀ ነው፤ «ጋሼ»፣ «እትዬ»፣ «ወንድሜ» እየተባባሉ ይከራከራሉ፣ ሳይስማሙ ቢለያዩም ተመራርቀው ይለያያሉ።

ሦስተኛው እቁብ ነው። አባላት በየቀኑ፣ በየሳምንቱ ወይም በየወሩ እኩል ገንዘብ ይጥላሉ፤ የተሰበሰበውም በዕጣ ለአንዱ ይደርሳል፤ ሁሉም እስኪደርሳቸው ይቀጥላል። ዳኛና ጸሐፊ አለው፤ ዕጣ የወጣለት ሰው ቀሪውን እንደሚከፍል ዋስ ይጠራል። በዚህ መንገድ ንብረት አስይዞ ከባንክ መበደር የማይችል ጀማሪ ነጋዴ፣ መያዣው መታመኑ ብቻ ሆኖ፣ መነሻ ካፒታል ያገኛል፤ ከትንሽ መደብ ተነሥተው ሱቅ የከፈቱ ብዙ የመርካቶ ሰዎች የመጀመሪያ ገንዘባቸው የእቁብ ነው። የምዕራብ አፍሪካው ቶንቲን፣ የሶማሌው ሀግባድና የሜክሲኮው ታንዳ ከእቁብ ጋር አንድ ዓይነት አሠራር አላቸው፤ በውጭ አገር የሚኖሩ ኢትዮጵያውያንም ባንክ በሞላበት ከተማ እቁባቸውን አልተዉም። ይህ የሆነበት ምክንያት እቁብ ገንዘብ ከማጠራቀም በተጨማሪ ሰዎችን በየሳምንቱ ስለሚያገናኝና አንዱ ሌላውን እንዲያውቅ ስለሚያደርግ ነው።

ሊጠበቅ የሚገባው

በስድስት ኪሎ፣ በቀድሞው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ውስጥ የሚገኘው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም ጀበናን፣ መሶብን፣ የሽመና ዕቃንና ሌሎችንም የዕለት ተዕለት መገልገያዎች በመስተዋት ውስጥ አስቀምጦ፣ ከልደት እስከ ሞት ባለው የሕይወት ቅደም ተከተል ያሳያል። በ1963 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው ይህ ተቋም የመጀመሪያ ዳይሬክተሩ በነበሩት በታሪክ ሊቁ ሪቻርድ ፓንክኸርስትና በባልደረቦቻቸው ጥረት ይህን ቅርስ መሰብሰቡ ታላቅ ውለታ ነው። ሆኖም ሙዚየም ዕቃውን እንጂ ዕቃውን የሚያሠራውን ግንኙነት ሊያስቀምጥ አይችልም። ምጣዱን መታ አድርጎ የሚለይ ጆሮ፣ ቆራሌውን ከቀጥቃጩ የሚያያይዘው መንገድ፣ የጎረቤትን ሱቅ ዕቃ ተውሶ የሚሸጥ መተማመን የሚኖሩት በሥራ ላይ ባለ ገበያ ውስጥ ብቻ ነው።

መርካቶ ዛሬ በፍጥነት እየተለወጠ ነው፤ የቆርቆሮ ሱቆች ለባለ ብዙ ፎቅ የንግድ ማእከላት ቦታቸውን እየለቀቁ ነው። ከእሳት የሚጠበቅ ሕንፃ፣ ንጹሕ ውኃ፣ መጸዳጃና የተስተካከለ መንገድ ለነጋዴውም ለገዢውም የሚገባቸው ስለሆነ ለውጡ አስፈላጊ ነው። ነገር ግን መዶሻና የብየዳ እሳት በአራተኛ ፎቅ ላይ ሊሠራ አይችልም፤ ጆንያ የሚራገፍበት በረንዳም በመስተዋት በተከለለ ሱቅ አይተካም፤ የኪራዩ ዋጋም ጣሳ ቀጥቃጩንና ሸክላ ሻጭዋን ከገበያው ካስወጣ፣ ተራው ስሙ ብቻ ቀርቶ ሥራው ይጠፋል። ስለዚህ የመርካቶን መልሶ ማልማት የሚነድፉ ባለሙያዎች የቦታውን ስፋት ከመለካታቸው በፊት የየተራውን ሠራተኞች ጠይቀው፣ ማን ከማን እንደሚገዛና ማን ማንን እንደሚያስተምር መመዝገብ፣ ለከባድ እጅ ሥራም ምድር ቤቱንና ግልጽ አደባባዩን መመደብ ይኖርባቸዋል፤ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችም የመመረቂያ ጽሑፋቸውን ርእስ ከምናለሽ ተራና ከበርበሬ በረንዳ ቢመርጡ ለአገር የሚተርፍ ሥራ ይሠራሉ። አክሊሉ ለማ በወንዝ ዳር ልብስ የሚያጥቡ ሴቶችን ልብ ብሎ በማየቱ ዓለምን የሚጠቅም ነገር አገኘ፤ እርሱ ለማየት የውጭ አገር ሰው መሆን አላስፈለገውም። የመርካቶ ባለቤቶችም የራሳቸውን ገበያ በዚያው ጥንቃቄ ከተመለከቱት፣ እንግዳ አድንቆት የሚያልፈውን ዕውቀት ለልጆቻቸው ሙያና እንጀራ አድርገው ሊያወርሱት ይችላሉ።